ሐዘን ለከበደው ሰው፦ የሰባት ቀን ሱባዔ አገባብ፣ አዋዋልና አወጣጥ

ሰው ሲሞትብን፣ ትዳር ሲፈርስ ወይም ምክንያቱን በውል ልንናገረው የማንችል የልብ ዝለት ሲመጣብን ከሰው ርቆ መቀመጥ ያምረናል። አገራችን ለዚህ ምኞት የቆየ ሥርዓት አላት፤ ሱባዔ። ይሁን እንጂ ዘግቶ መቀመጥ ብቻውን አያጽናናም። ከአቅማቸው በላይ ጾመው ታመው የተመለሱ፣ ራእይ ሲጠብቁ ሰባቱ ቀን ያለቀባቸው፣ ያገኙትን ሰላም በወጡ ማግሥት በወሬ የበተኑ ሰዎችን አውቃለሁ። በእኔ እምነት የሱባዔ ፈውስ ያለው በልኩ ውስጥ ነው።

የምጽፈው ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ወደ ገዳም ለመግባት ለሚያስብ ምእመን ነው፤ ሥርዓቱም የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሙስሊም ወገኖቼ በረመዳን የመጨረሻ አሥር ቀናት በመስጊድ የሚቀመጡበት ኢዕቲካፍ አላቸው፤ አፈጻጸሙን የሚያስተምሩት ሼኾቻቸው ስለሆኑ እኔ አልገባበትም።

1. ጊዜው መድረሱን ይመርምሩ

ሐዘኑ ትኩስ ከሆነ አይሂዱ። የለቅሶ ሥርዓታችን ኀዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን ተብሎ የተሠራ ነው። እድርተኛው ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ ዘመድ አብሮ ያድራል፣ በሦስተኛው ቀን ሠልስት፣ በአርባኛው ቀን ተዝካር ይደረጋል። ይህን ሁሉ ጥለው ወደ ገዳም ቢሮጡ ደግፎ የሚያቆምዎትን ክንድ ገፉት ማለት ነው። ቢያንስ አርባው እስኪወጣ ድረስ ከሰው መካከል ይቀመጡ። ለቅሶ ደራሹ ተበትኖ ቤቱ ጭር ሲል፣ ሌላው ሁሉ ረስቶት የእርስዎ ልብ ገና አልረሳ ሲል፣ ያን ጊዜ የሱባዔው ሰዓት ደርሷል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናለሁ። እንቅልፍ ለሳምንታት ከራቀዎት፣ ሌላው ሰው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማዎት ከሆነ ወይም ሕይወትዎን ለማጥፋት የሚገፋ ሐሳብ ከመጣብዎት ብቻዎን የትም አይሂዱ። ዛሬውኑ ለሚያምኑት አንድ ሰው ይንገሩ፤ አብሮዎት ወደ ሕክምና ይሂድ። አዲስ አበባ ያለ ሰው የአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታልን ያውቀዋል፤ ሌሎች ትልልቅ ሆስፒታሎችም ይህን ሕክምና ይሰጣሉ። ሱባዔው የትም አይሄድም፤ ሲሻልዎት ይደርሱበታል።

የስኳር፣ የልብ፣ የኩላሊት ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ስለ ጾሙ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። የታዘዘልዎትን መድኃኒት ጸበል እጠመቃለሁ ብለው አያቋርጡ። በእንጦጦ ጸበል ብዙ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን እየተዉ ሲጎዱ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት አብረው እንዲወሰዱ በይፋ አስተምረዋል። ከዚያ ወዲህ ማንም አጥማቂ «መድኃኒትህን ጣል» ቢልዎት የሚሰሙበት ምክንያት የለም።

2. ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ

ሱባዔ በራስ ፈቃድ አይገባም። ይህ ሥርዓት ለማጥበቅ የመጣ እንዳይመስልዎት፤ ጥበቃ ነው። ንስሐ አባትዎ አቅምዎን ያውቃሉ፤ ስንት ቀን፣ ስንት ስግደት፣ እስከ ስንት ሰዓት መጾም እንዳለብዎት ይወስኑልዎታል። ሰባት ቀን የተለመደው ነው፤ ነገር ግን አባትዎ «ሦስት ቀን ይበቃሃል፣ ይበቃሻል» ካሉ ሦስት ቀን ነው።

ሲነጋገሩ አንድ ጉዳይ ብቻ ይዘው ይቅረቡ። «እናቴ ከሞተች ወዲህ መጸለይ አቃተኝ»፣ «ወንድሜን ይቅር ማለት አልቻልኩም»። ሥራም፣ ትዳርም፣ ጤናም፣ የውጭ አገር ጉዞም በአንድ ሱባዔ እንዲፈታ ሲፈልጉ ልብ ይበታተናል። ጉዳዩን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻሉ ሌላ አንድ ሳምንት ይቆዩ።

ንስሐ አባት የሌለዎት ከሆነ መጀመሪያ በአጥቢያዎ ቤተ ክርስቲያን አባት ይያዙ። በአካባቢው የማይታወቅ ባሕታዊ ነኝ ባይ መንገድ ላይ አግኝቶ «ለአንተ የታየኝ ነገር አለ» ቢልዎትና በዚያው ገንዘብ ቢጠይቅ፣ ኀዘንተኛ ሰው እንዲህ ላለው አዳኝ ቀላል መሆኑን አስታውሰው ይለፉት።

3. ቦታ ይምረጡ

ታዋቂነትና ጸጥታ አንድ ቦታ ላይ ሁልጊዜ አይገናኙም። ደብረ ሊባኖስ ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ በገደል ግርጌ ያለ ታላቅ ገዳም ነው፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በቆሙበት ዋሻ ጸበል ይወርዳል። ለኀዘንተኛ ይህን ቦታ የምመርጥበት የራሴ ምክንያት አለኝ፤ ገዳሙ ራሱ ሐዘን ያውቃል። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የግራዚያኒ ጦር መነኮሳቱን፣ ዲያቆናቱንና ለበዓል የመጡትን ምእመናን ረሽኗል። ያ ሁሉ ደም ከፈሰሰ በኋላ ቅዳሴው እንደገና ቆሟል። በዚያ ግቢ ሲቀመጡ የእርስዎ እንባ እንግዳ አይሆንም። ነገር ግን ነሐሴ 24፣ ታኅሣሥ 24 እና ግንቦት 12 የጻድቁ በዓል ስለሆነ ሕዝቡ ግቢውን ይሞላዋል፤ ጸጥታ የሚፈልግ ሰው ከእነዚህ ቀናት ዙሪያ ይራቅ።

ለሴቶች፣ በተለይ ብቻዋን ለምትሄድ፣ የእናቶች ገዳም እመክራለሁ። ሰበታ የሚገኘው የጌቴሴማኒ ቤተ ደናግል ገዳም ለአዲስ አበባ ቅርብ ነው። ደብረ ዳሞ፣ በጣና ሐይቅ ላይ ደግሞ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት ናቸው፤ ዘጌ ላይ እንዳለው እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያሉት ግን ሁሉንም ይቀበላሉ። ይህን አስቀድሞ መጠየቅ ከብዙ ድካም ያድናል።

ስለ መንገዱ ሰላም ሳያጣሩ አይነሡ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዝቋላ ገዳም አባቶች ተገድለዋል፤ ገዳም መሆኑ ብቻ ከአደጋ አይጠብቅም። ከሁለት ቀን በፊት በአካባቢው ለሚያውቁት ሰው ይደውሉ፤ መልሱ የሚያመነታ ከሆነ ወደ ቅርቡ ቦታ ይሂዱ። የአጥቢያዎ ቤተ ክርስቲያን መቃብር ቤት ወይም የእንግዳ ክፍል ውስጥ የተያዘ ሱባዔ ከሩቁ ገዳም አያንስም። የቦታው ቅድስና ሰውን እንደሚረዳ አምናለሁ፤ ጭንቀት ይዞ የሚያድር ሰው ግን አይጸልይም።

4. ቀኑን ይወስኑ

ፍልሰታ፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ብዙ ሰው ሱባዔ የሚገባበት ወቅት ነው። በየቀኑ ይቀደሳል፤ የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ ይነገራል፤ አጠገብዎ የሚጸልይ ሰው አይጠፋም። ብቸኝነትን ለሚፈራ ጀማሪ ይህ ጥሩ ነው። ጸጥታ ለሚሻ ግን ጽጌ ይሻላል፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባሉት ቀናት ዝናቡ ያባራል፣ ሜዳው ያብባል፣ ጾሙም የፈቃድ ስለሆነ ግቢው ባዶ ነው። ሰባት ቀን ከሥራ ማግኘት የማይችል ሰው የጳጉሜን አምስት ቀናት (በየአራት ዓመቱ ስድስት) ይያዝ።

ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀናት አይጾምም፣ አይሰገድም፤ ስለዚህ ሱባዔ አይያዝም። ሴቶች በወር አበባ ጊዜ ወደ ቤተ መቅደስ አለመግባትና ጸበል አለመጠመቅ የቆየ ሥርዓት በመሆኑ ቀኑን ሲመርጡ ያስቡበት፤ በመካከሉ ቢመጣም በማረፊያዎ ሆነው ጸሎቱን ይቀጥላሉ እንጂ ሱባዔው ፈረሰ ብለው አይዘኑ።

5. ይሰንቁ

በሶ ዋናው ስንቅ ነው። ለሰባት ቀን እስከ ሁለት ኪሎ በቂ ነው፤ ጨው አይርሱ፣ የጾመ ሰው ጨው ይፈልጋል። ቆሎ፣ የሚዘፈዘፍ ሽምብራ፣ ድርቆሽ፣ ትንሽ የተፈጨ ተልባ ይጨምሩ። ተልባው ደረቅ ምግብ ሆድ እንዳያደርቅ ይረዳል። የመጠጥ ውሃ መያዣ ጀሪካን፣ ካልታመነ ውሃውን የሚያክሙበት ነገር።

ጋቢ፣ ነጠላ፣ ወፍራም ካልሲና ሰሌን። ደጋማ ገዳማት ሌሊቱን በጣም ይበርዳሉ፤ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ በነሐሴ ጭጋጉ ልብስ ውስጥ ይገባል። የእጅ ባትሪ፣ መድኃኒትዎ ሙሉውን፣ መታወቂያ፣ ከአጥቢያዎ የተጻፈ ደብዳቤ። መዝሙረ ዳዊት፣ ውዳሴ ማርያም፣ መቁጠሪያ። ለገዳሙ መብዓ የሚሆን ጧፍ፣ ዕጣን ወይም ዘቢብ። የሞተብዎት ሰው ካለ የክርስትና ስሙን በወረቀት ጽፈው ይያዙ፤ አባቶች በጸሎት እንዲያስቡት የሚሰጡት እሱን ነው።

ስልክዎን ቤት ይተዉት፤ ካልሆነም አጥፍተው ከቦርሳው ሥር ያድርጉት። የት እንዳሉና መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ አንድ ሰው ግን ይኑር። የዚያን ሰው ቁጥር በወረቀት ላይ ይጻፉት።

6. ሲደርሱ

ተሳልመው ወደ እንግዳ ተቀባዩ አባት ይሂዱ፤ የመጡበትን፣ የሚቆዩበትንና ካለብዎት ሕመም አንዱንም ሳይደብቁ ይናገሩ። የሚሰጡዎት ማረፊያ የጭቃ ቤት፣ ዳስ ወይም ከሌሎች ጠበልተኞች ጋር የሚጋሩት አዳራሽ ሊሆን ይችላል። ዘግተው በበአት ወደተቀመጡ አባቶች በር በጉጉት አይሂዱ፤ ፎቶግራፍም አያንሡ። እርስዎ ለአንድ ሳምንት የፈለጉትን ጸጥታ እነርሱ ዕድሜያቸውን የሰጡበት ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ለመተኛት ያውሉት። ይህን ስል አባቶችም የሚፈቅዱት ነው፤ ሐዘን ሰውነትን ያደክማል፣ ደክሞ የሚጀምር ሰው በሦስተኛው ቀን ይወድቃል።

7. የቀኑ አዋዋል

ሰባቱ የጸሎት ጊዜያት ለቀኑ ወጋግራ ናቸው፦ ነግህ ሲነጋ፣ ሠለስት በ3 ሰዓት፣ ቀትር በ6 ሰዓት፣ ተስዓቱ ሰዓት በ9፣ ሠርክ በ11፣ ንዋም ከመኝታ በፊት፣ መንፈቀ ሌሊት በሌሊቱ 6 ሰዓት። ጀማሪ ሰው ሁሉንም በረጅሙ ለመሙላት አይታገል። ለሦስት ያህሉ ረዘም ያለ ጊዜ ይስጡ፤ ለሌሎቹ ቆም ብሎ አቡነ ዘበሰማያት ማድረስና ማማተብ በቂ ነው። የሌሊቱ ከከበደዎት ከንስሐ አባትዎ ጋር ተነጋግረው ይተዉት፤ እንቅልፍ ላጣ ኀዘንተኛ እንቅልፍ ራሱ ምሕረት ነው።

ዳዊቱ የሚደገመው በንጉሥ ነው፤ አንድ ንጉሥ አሥር መዝሙር ሲሆን 150ው 15 ንጉሥ ይሆናሉ። በጠዋት አንድ፣ በማታ አንድ ቢደግሙ በሰባት ቀን 140 ይደርሳሉ፤ የቀረውን አንድ ንጉሥ በመጨረሻው ቀን ይጨምሩ። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ስለሆነ የዕለቱን ያድርሱ። ዳዊትን ግዕዙን የማይችል ሰው በአማርኛ ያንብብ፤ ኀዘንተኛ ሰው የሚለው ነገር እንዲገባው ያስፈልጋል። 41ኛው ላይ ዳዊት የገዛ ነፍሱን ለምን ታዝኛለሽ ብሎ ይጠይቃታል። 87ኛው ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጨለማ ነው፤ መጽናኛ እንኳ ሳይጨምር ያልቃል። እንዲህ ያለ ጩኸት በጸሎት መጽሐፍ ውስጥ መኖሩ ለእኔ ከብዙ ምክር ይበልጣል፤ ፊትን ሳያሳምሩ በእግዚአብሔር ፊት መቆም እንደሚፈቀድ ይነግረኛል። ንባቡ ላይ እንባ ከመጣ መጽሐፉን ዘግተው ያልቅሱ። ቁጥሩን መሙላት ሊቆይ ይችላል።

ስግደቱን አባትዎ በወሰኑት መጠን ብቻ ያድርጉ። ቅዳሜና እሑድ፣ በዐበይት በዓላትና ከቆረቡ በኋላ አይሰገድም። አቡነ ተክለ ሃይማኖት እግራቸው እስኪሰበር ቆመው መጸለያቸውን ገድላቸው ይናገራል፤ ጀማሪ ግን ከጻድቁ ጽናቱን ይማር እንጂ ቁመቱን አይሞክር።

ምግብ ከ9 ሰዓት በኋላ በቀን አንድ ጊዜ፤ በሶውን በውሃና በጨው በጥብጠው ቀስ ብለው ይጠጡ፣ ቆሎውን ያላምጡ። ራስ ምታት ቢመጣ ብዙ ጊዜ የውሃ ወይም የለመዱት ቡና እጦት ነው፤ ከመሄድዎ ሳምንት በፊት ቡናውን ቢቀንሱ ይቀልልዎታል። ዓይን ሲጨልም፣ እጅ ሲንቀጠቀጥ ወይም ላብ ሲያጥለቀልቅዎት ሰዓቱን ሳይጠብቁ ይብሉ፣ ለአባቶችም ይንገሩ።

ከሠለስት እስከ ቀትር ያለውን ጊዜ ለሥራ ይስጡት። ውሃ ይቅዱ፣ ግቢ ይጥረጉ፣ ለማኅበሩ ምስር ይልቀሙ፣ እንጨት ይሸከሙ። ያዘነ ልብ ብቻውን ሲቀመጥ ያንኑ ነገር ያላምጣል፤ እጅ ሲሠራ ግን ሐሳብም መጠን ያገኛል። የገዳሙ አባቶች ሥራን ከጸሎት ያልለዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ከባዱ ሰዓት ቀትር ነው። ጠዋት የነበረው ትጋት ይጠፋል፤ ፀሐይዋ የቆመች ይመስላል፤ «እዚህ ምን እሠራለሁ? ቤት ይሻለኝ ነበር» የሚል ሐሳብ ይመጣል። መዝሙረ ዳዊት በ90ኛው ላይ የቀትር ጋኔን የሚለውን የጥንት የምድረ በዳ አባቶች በዚህ መሰልቸት ተርጉመውታል። ሐሳቡ ሲመጣ አይከራከሩት። ተነሥተው ቆመው በመቁጠሪያ 41 ጊዜ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ ይበሉ፤ ከዚያ ግቢውን አንድ ጊዜ ዞረው ይመለሱ። ሱባዔን አቋርጦ የመሄድ ውሳኔ በቀትር አይወሰን፤ ሠርክ ላይ አሁንም የሚሹት ከሆነ ያን ጊዜ አባትን ያማክሩ።

ሕልም ያያሉ፤ የሞተብዎትን ሰውም ሊያዩ ይችላሉ። አጠገብዎ ላለ ጠበልተኛ እንዲፈታልዎት አይንገሩ። ለንስሐ አባትዎ ያቆዩት። ምንም ነገር ካላዩም አልተሰማሁም ብለው አይደምድሙ፤ ሱባዔ የገባ ሰው ሁሉ ራእይ ያያል የሚል ትምህርት የለም።

8. አወጣጥ

ሰባቱን ቀን ከተቻለ በንስሐና በቅዱስ ቁርባን ይፈጽሙት፤ ለዚህም ንስሐውን ከሱባዔው በፊት መጀመር ያስፈልጋል። የተረፈውን በሶና ቆሎ ለአብነት ተማሪዎች ይስጡ፣ ማረፊያዎን ጠርገው አባቶችን ተሰናብተው ይውጡ።

ከጾሙ የሚወጡት በአጥሚት፣ በቀጭን ሾርባ ወይም በደንብ በተፈተፈተ ሽሮ ይሁን። በመጀመሪያው ቀን ክትፎና ዶሮ ወጥ መብላት ሆድን ከማሳመሙም በላይ ሰባት ቀን ልክ የተማረውን ሰውነት ያስደነግጣል። ወደ ሥራ ከመመለስዎ በፊት አንድ ሙሉ ቀን ቤትዎ ይዋሉ፤ ስልኩን ያን ቀን ማታ ይክፈቱት። «ምን አየህ? ምን አየሽ?» ብለው የሚጠይቁ ወዳጆች ይኖራሉ። «ደኅና ነበር፣ እግዚአብሔር ይመስገን» በቂ መልስ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ሐዘኑ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ይህ የሱባዔው ውድቀት እንዳይመስልዎት። ከሰባቱ ጊዜያት አንዱን፣ ለምሳሌ ንዋምን፣ መርጠው በየቀኑ ይያዙት፤ በአርባ ቀን ውስጥም ንስሐ አባትዎን አግኝተው የሆነውን ሁሉ ይንገሩ። ቂም ከነበረ ይቅር ያሉትን ሰው በአካል ሄደው ያግኙት።

9. መሄድ ለማይችሉ

በቤይሩት፣ በሪያድ ወይም በዱባይ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህት ገዳም ይቅርና የግል በር የላትም። ሱባዔው ግን ለእርሷም ይቻላል፤ አሠሪዎቿ ከተኙ በኋላ ያለውን አንድ ሰዓት ለሰባት ሌሊት መያዝ፣ ጮክ ሳይሉ በልብ መጸለይ፣ በሥራ ላይ ሳለች ምግብን እንደ ጉልበቷ እንጂ እንደ ገዳም አለመቀነስ። ለንስሐ አባቷ በስልክ ነግራ መጀመር ትችላለች።

በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ደግሞ በአካባቢያቸው የኢትዮጵያ ገዳም ከሌለ ከእኛ ጋር በእምነት አንድ የሆኑትን የግብፅ ኮፕቲክ ገዳማት ይጠይቁ። በካሊፎርኒያ ሞሃቪ በረሃ ያለው የቅዱስ እንጦንስ ገዳም ከእነዚህ አንዱ ነው። አስቀድመው ደውለው ፈቃድ ያግኙ፤ የጾሙ ወቅት የእነርሱ አቆጣጠር ከእኛ ሊለይ ስለሚችል የትኛውን እንደሚይዙ ከንስሐ አባትዎ ጋር ተስማምተው ይሂዱ።